የሴቶች የሙያ ማኅበር ለኅብረት ሥራ ምን ይጠቅማል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በደምበጫ ከተማ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ቀረበ፣ ስንት ኩንታል በቆሎ ተሰበሰበ፣ የትርፍ ክፍፍሉስ ስንት ደረሰ ተብሎ መነገሩ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። የዛሬው ንግግር ግን ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ስላሉ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ያን በቆሎ ያረመችው፣ የፈለፈለችው፣ ጎተራ ያስገባችው ሴት ስሟ በማኅበሩ መዝገብ ላይ አለ ወይ? ካለስ፣ በሙያ ከሚመስሏት ሴቶች ጋር የምትመክርበት የራሷ መድረክ አላት ወይ?

ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው አይታዩም። ስሟ በመዝገብ የሌለ ሴት በማኅበር ብትሰበሰብ ምክሯ ከስብሰባው ደጃፍ አያልፍም። ስሟ ተመዝግቦ ብቻዋን የቀረች ሴትም ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከኋላ ተቀምጣ አጨብጭባ ትመለሳለች።

ባለሙያ ማን ናት?

በጎጃም "ባለሙያ ሴት" ሲባል እንጀራዋ ዓይናም፣ ጠላዋ የጠራ፣ ፈትሏ የቀጠነ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት ደግሞ "ባለሙያ" የሚባለው ተምሮ የምስክር ወረቀት የያዘ ሠራተኛ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን እምብዛም አይገናኙም።

ደምበጫ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሆነች ሴት አለች። የማኅበር ሒሳብ የምትይዝ፣ ንብረት ክፍል ሆና ማዳበሪያ የምታስረክብ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና መምህርት አለች። በሌላ በኩል በርበሬ ቀንጥሳ የምትሸጥ፣ ቅቤ የምታወጣ፣ ዶሮ የምታረባ፣ ከብት የምታደልብ፣ ምርጥ ዘር የምታባዛ ሴት አለች። የመጀመሪያዎቹ የወረቀቱን መንገድ ያውቃሉ፤ ሁለተኛዎቹ ምርቱንና ገበያውን ያውቃሉ። የሙያ ማኅበር ማለት በቀላል አነጋገር እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ነው።

መጀመሪያ ስም በመዝገብ ላይ

አዋጅ ቁጥር 147/1991 በወጣ ጊዜ አባላት እኩል ድምፅ እንዲኖራቸው፣ ዕጣ የበዛለትም ያነሰውም አንድ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲሰጥ ደንግጓል። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009ም ይህንኑ መርሕ ይዟል። የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው ሰባት መርሖች የመጀመሪያውም አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና ጾታ ሳይለይ ለሁሉ ክፍት መሆኑን ይናገራል። ሕጉ አባል የሚለው ሰውን እንጂ ቤትን አይደለም።

በተግባር ግን በብዙ ቦታ ተመዝጋቢው አባወራው ነው። ሚስት "የአባል ቤተሰብ" ተብላ ትታለፋለች። እማወራ የሆነች ሴት ካልሆነች በቀር ስሟን ማስመዝገብ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ የአካባቢው ምሳሌ ትምህርት ይሰጣል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም የጎዛምን ወረዳ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲሰፍር፣ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን እንዲለጠፍ ተደረገ። ያን ጊዜ "ይህ ቤት ያፈርሳል" ያለ ሰው አልጠፋም። ቤት ግን ሁለት ፎቶግራፍ ስላለበት አልፈረሰም። እንዲያውም መሬቱ ሲከራይ ወይም ሲካፈል ሚስትም ትጠየቃለች።

እንግዲህ የመሬቱ ደብተር ሁለት ስም ሲይዝ፣ በዚያው መሬት ላይ የበቀለውን እህል የሚረከበው ማኅበር መዝገብ አንድ ስም ብቻ መያዙ ለምንድን ነው? ጉዳቱ የሚታየው ባል በታመመ፣ በተሰደደ ወይም በሞተ ጊዜ ነው። ሚስት ሃያ ዓመት አብራ ያፈራችውን ዕጣ ለማስተላለፍ የወራሽነት ማስረጃ ይዛ እንደ እንግዳ ታመለክታለች። ማመልከቻው እስኪያልቅ ድምፅ የላትም፤ የትርፍ ክፍፍሉም ይቆያል። ራሷ አባል ብትሆን ኖሮ ኀዘኗ በቂ ነበር፤ ደጅ መጥናት ባልተጨመረባት።

እቁብና እድር እያለ ሌላ ማኅበር ለምን?

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የገጠር ሴት መደራጀትን ከማንም አልተማረችም። እድሩ፣ እቁቡ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ወንፈሉና ደቦው ከአያት ቅድመ አያት የመጡ ናቸው። ዛሬ ፀደይ ባንክ የሚባለው የቀድሞው አብቁተም በቡድን ዋስትና ብድር ሲሰጥ የቆመው በዚሁ መተማመን ላይ ነው።

ነገር ግን እያንዳንዱ ለየራሱ ጉዳይ የቆመ ነው። እድር ለኀዘን ይደርሳል፤ የበርበሬ ዋጋ አይነግርም። እቁብ ገንዘብ ያሰባስባል፤ የሒሳብ አያያዝ አያስተምርም። ወንፈል ጉልበት ያበዳድራል፤ ለቦርድ ምርጫ ዕጩ አያቀርብም። ሁሉም ደግሞ በአንድ ጎጥ ወይም በአንድ ደብር ሰዎች መካከል ነው። የሙያ ማኅበር የሚጨምረው በሥራ የሚመሳሰሉትን ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከገጠር እስከ ከተማ ማገናኘቱ ነው።

ጥቅሞቹ በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ወሬ በወቅቱ ይደርሳል። በርበሬ በደምበጫ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ ስንት እንደዋለ የምታውቅ ሴት ከደጇ ለመጣ ነጋዴ በመጀመሪያው ቃል አትሸጥም። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድና ገበያ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ብዙ አምራች ዋጋውን ሳያውቅ መሸጡ የማይካድ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በአጎራባች ቀበሌ የምትታመን አንዲት የሙያ እህት መኖሯ ራሱ ሀብት ነው።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ምርት ትልቅ ጭነት ይሆናል። ለምሳሌ አንዲት ሴት የምትሸጠው በርበሬ ሃምሳ ኪሎ ቢሆን ለእርሱ ብላ መኪና አትከራይም። መቶ ሴቶች ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ቢያሰባስቡ ግን ሃምሳ ኩንታል ነው፤ አንድ አይሱዙ የሚሸከመው ጭነት ነው። ያን ጊዜ ዩኒየኑ ገዢ ሊፈልግላት፣ በአንድ ውል ሊያስራት ይችላል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙያ ከሙያ ይማራል። ሒሳብ የምትይዝ ወጣት የሂሳብ መግለጫ እንዴት እንደሚነበብ ለገበሬ እህቶቿ ብታሳይ፣ እነርሱ ደግሞ ዘር እንዴት እንደሚመረጥና በርበሬ እንዴት ሻጋታ ሳይነካው እንደሚደርቅ ቢነግሯት ሁለቱም ያተርፋሉ። አዲስ የተቀጠረች የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ብቻዋን በማታውቀው ቀበሌ ስትመደብ ሥራውን ለመልመድ፣ ችግር ቢደርስባትም ለመናገር የምትጠጋበት ታላቅ እህት ታገኛለች።

አራተኛ፣ በጉባኤ ላይ ድምፅ ይኖራል። ብቻዋን እጇን ያወጣች ሴት "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" በሚል ተረት ልትሸማቀቅ ትችላለች። አስቀድመው ተማክረው የመጡ ሃያ ሴቶች ግን ተረት አያሸማቅቃቸውም። ዕጩ ያቀርባሉ፣ የኦዲት ሪፖርት ያስነብባሉ፣ የትርፍ ክፍፍል በእጃቸው እንዲደርስ ይጠይቃሉ።

በአገር ቤት የታየ ውጤት

የሙያ ማኅበር ጥቅም ለአባላቱ ብቻ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። መሥራቾቹ የሕግ ትምህርት የተማሩ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይገኙበታል። ማኅበሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች የሕግ ምክር ሰጠ፤ የቤተሰብ ሕጉም እንዲሻሻል ድምፁን አሰማ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደርግ፣ ሚስትም እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ዓመት ነበር። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በቤተሰብ አመራር እኩል ሆኑ፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የሕግ ባለሙያ ሴቶች ብዙዎቹ የከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። ተጠቃሚዋ ግን እስከ ገጠር ቀበሌ ያለች፣ ከትምህርት ቤት ልትወጣ የነበረች ልጅ ጭምር ናት።

ሁለተኛው ምሳሌ በሴቶች አነሳሽነት ተቋቁሞ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ነው። ሲቋቋም ከባለአክሲዮኖቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ሴት ነጋዴ ሥራዋ ደህና ሆኖ ሳለ የምታስይዘው ቤት ስለሌላት ብቻ ከብድር ስትመለስ ያዩ ሴቶች እርስ በርስ ባይገናኙና ባይመክሩ ኖሮ ችግሩ በየቤቱ የሚወራ ምሬት ሆኖ ይቀር ነበር።

የሌላው ዓለም ኅብረት ሥራ ምን ይላል?

የዘመናዊ ኅብረት ሥራ አባት ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች ያቋቋሙት ሱቅ ነው። ከሱቁ የሚገዙት በአብዛኛው የቤት እመቤቶች ሆነው ሳለ ማኅበራቱን የሚመሩት ግን ወንዶች ነበሩ። በ1883 እ.ኤ.አ. የአባላት ሚስቶች "የሴቶች የኅብረት ሥራ ጓድ" የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሚስቶች በስማቸው አባል እንዲሆኑ፣ በአመራርም እንዲመረጡ ጠየቁ። በ1911 እ.ኤ.አ. በወጣው የመድን ሕግ ውስጥ የወሊድ ክፍያ እንዲካተት ታገሉ፤ በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ ገንዘቡ የእናቲቱ የራሷ እንዲሆን አስወሰኑ። በ1922 እ.ኤ.አ. ለረጅም ዘመን ዋና ጸሐፊያቸው የነበረችው ማርጋሬት ሉዌሊን ዴቪስ የአገሪቱን የኅብረት ሥራ ጉባኤ በሊቀመንበርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከ1883 እስከ 1922 ድረስ 39 ዓመት ነው። ሥራው ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታያል።

ለገጠር ኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንድ ምሳሌ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ኤላ ባት የተባለች የሕግ ባለሙያ በአህመዳባድ ከተማ "ሴዋ" የተባለውን በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ማኅበር አቋቋመች። አባላቱ አትክልት ቸርቻሪዎች፣ ተሸካሚዎች፣ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. 4,000 ሴቶች አሥር አሥር ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ባንክ መሠረቱ። ሴቶቹ ፊርማ ስለማያውቁ ምዝገባው አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ስማቸውን መጻፍ ሲለማመዱ አደሩ፤ በማግስቱም ፈረሙ። እነዚያ ሴቶች ያልተማሩ ነበሩ፤ ባለሙያዎች ግን ነበሩ። የተማረችው ሴት ከእነርሱ ጋር ስለተቀመጠች ነው ባንኩ የቆመው።

የሚነሱ ስጋቶች

ስጋቶቹ መሸፋፈን የለባቸውም፤ መልስ ሊሰጣቸው ይገባል።

"ባልና ሚስት አንድ ናቸው፤ ከአንድ ቤት ሁለት አባል ምን ይሠራል?" የሚሉ አሉ። ሁለት አባል ሲሆን መሬቱ ስለማይጨምር የማዳበሪያ ፍላጎቱ በእጥፍ አያድግም። የሚያድገው የማኅበሩ ካፒታልና በጉባኤ የሚገኘው ሰው ነው። ለድሃ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ መዋጮ መክፈል ከባድ መሆኑ ግን እውነት ነው። ስለዚህ ደንቡ በሚፈቅደው መጠን ዕጣውን በጊዜ ከፋፍሎ የመክፈል መንገድ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ውኃ የምትቀዳ፣ የምትጋግር፣ ልጅ የምታሳድግ፣ አረም የምታርም ሴት ላይ ሌላ ስብሰባ መጨመር ጥቅም ሳይሆን ሸክም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ስብሰባውን ማሳጠርና በወር በዓል፣ ሞፈርና ቀንበር በሚያርፍበት ቀን ማድረግ ነው። ባሎችም በዚያች ሰዓት ልጅ ቢይዙ የሚጎድልባቸው ነገር የለም።

ሦስተኛው ከልምድ የመጣ ነው። በሥልጠና አዳራሽ ተቋቁሞ፣ ማኅተም ተቀርጾለት፣ አበሉ ሲያልቅ የሞተ ማኅበር በየቦታው አለ። ሕዝቡ "ደግሞ ሌላ ማኅበር" ቢል አይፈረድበትም። ከውጭ በመጣ ገንዘብ የተጀመረ ከገንዘቡ ጋር ይሄዳል፤ በአባላት መዋጮ የተጀመረ ግን ትንሽም ቢሆን ባለቤት አለው።

አራተኛው፣ የተማሩት መድረኩን ይይዙታል፤ ገበሬዎቹ አድማጭ ሆነው ይቀራሉ የሚለው ነው። ይህም ይደርሳል። ስለዚህ ከኮሚቴው ቢያንስ ግማሹ ከገጠር ቀበሌ አምራቾች እንዲሆን ከመጀመሪያው በደንብ መጻፍ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በመነሳት ለየባለድርሻው የሚከተለው ቀርቧል።

መሠረታዊ ማኅበራት፦ የአባላት መዝገባቸውን አውጥተው ስንት ሴት በስሟ እንዳለች፣ ከእነርሱም ስንቷ ባለትዳር እንደሆነች ይቁጠሩ። ቁጥሩንም በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ያንብቡ። የትርፍ ክፍፍል ለአባሏ ራሷ በፊርማዋ ወይም በጣት አሻራዋ ይከፈል።

ዩኒየኑ፦ የሴት ባለሙያዎችና አምራቾች መገናኛ ኮሚቴ በሥሩ ያቋቁም። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሁሉም ቀበሌ ተወካዮች የሚገናኙበት ቀን ይቁረጥ። ኮሚቴው ጠንክሮ ራሱን ሲችል ወደ ሙሉ ማኅበርነት ያድጋል።

የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፦ ማኅበሩ ለዘመቻና ለሪፖርት ማሟያ እንዳይሆን ይጠብቁት። ድጋፋቸው መሰብሰቢያ ቦታ በመስጠት፣ ኦዲት በወቅቱ በማድረግና ሴት ሠራተኞቻቸው በሥራ ሰዓት እንዲሳተፉ በመፍቀድ ይገለጽ።

አባወራዎች፦ ሚስት አባል ስትሆን የሚያድገው የአንድ ቤት ሀብት መሆኑን ያስቡ። የመሬቱን ደብተር አብራችሁ እንደፈረማችሁ የማኅበሩንም መዝገብ አብራችሁ ፈርሙ።

እናቶችና እህቶች፦ አንዳችሁ ሌላዋን ይዛ ትምጣ። በደብተር የተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ በየወሩ የሚከፈል አነስተኛ መዋጮ፣ በየዓመቱ የሚመረመር ሒሳብ ይኑራችሁ። ማንበብ የምትችል ለማትችለው ታንብብላት፤ በዚያው ፊደል ታስቆጥራት።

ክቡራትና ክቡራን፣

ኅብረት ሥራ የተመሠረተው ደካማ ብቻውን ሲቆም ስለሚጠቃ ነው። ገበሬው ይህን ከነጋዴው ጋር ባደረገው ግብግብ አውቆታል፤ ዩኒየኑም የቆመው በዚሁ እውቀት ነው። ሴቶች በሙያቸው ይተሳሰሩ ሲባል ከዚህ የተለየ አዲስ ነገር አልተጠየቀም። ያው የኅብረት ሥራ ሕግ ለግማሹ ሕዝብም ይድረስ ነው ጥያቄው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድሩን የፈተለችው ሴት ግን ከማኅበሩ ውጭ ከቆመች ድሩ ራሱ አያብርም።

በመጪው የምሥረታ በዓል የኩንታሉና የትርፉ ቁጥር ሲነበብ፣ በስማቸው የተመዘገቡት ሴቶች ቁጥርም አብሮ የሚነበብ ይሁን።

መልካም በዓል!